የግራፍ ዳታቤዝ አመራረጥ፦ ከጥያቄዎቻችሁ እስከ ባክአፕ ሙከራው

የግራፍ ዳታቤዝ፣ ማለትም ነገሮችንና በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት የሚያከማች ዳታቤዝ፣ የሚመርጡ ብዙ ቡድኖች ሥራውን ከጅራቱ ይይዙታል። መጀመሪያ የምርቶችን ስም ይሰበስባሉ፣ የትኛው ፈጣን እንደሆነ ያነባሉ፣ አንዱን ይጭናሉ፤ «ለመሆኑ ምን ልንጠይቀው ነው?» የሚለው ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ችግሩ ብቅ ሲል ኮዱ ተጽፏል፣ ዳታው ገብቷል፣ መመለሻው ርቋል። ምርጫውን በእውነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች ቅርጽ እና በዳታችሁ ውስጥ ብዙ ግንኙነት የተሸከመው ኖድ (ሰውን፣ ሂሳብን ወይም ሌላ ነገርን የሚወክል ነጥብ)። የምርቱ ዝና ከሁለቱም በኋላ ይመጣል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንያዘው። በስልክ ገንዘብ የሚያስተላልፍ አገልግሎት አለ እንበል፤ 1 ሚሊዮን ደንበኞችና በዓመት 30 ሚሊዮን ዝውውሮች አሉት። ማጭበርበርን የሚከታተለው ክፍል በአንድ ቀፎ የሚንቀሳቀሱ ብዙ ሂሳቦችን፣ ገንዘብ እየተቀባበሉ ዞረው የሚገጥሙ ቀለበቶችን፣ ከታገደ ሂሳብ ጋር በተዘዋዋሪ የተሳሰሩ ሰዎችን መያዝ ይፈልጋል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ በእነሱ ቦታ የራሳችሁን አስገቡ።

1. ጥያቄዎቹን በአማርኛ ጻፉ፣ ሆፕ ቁጠሩ

ኮምፒውተሩን ዝጉና ሥርዓቱ የሚመልሳቸውን ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ጥያቄዎች በተራ ቋንቋ ጻፉ። ጸሐፊው ፕሮግራመሩ ብቻ መሆን የለበትም፤ መልሱን የሚጠቀምበት ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ከዚያ በእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ስንት ሆፕ እንደሚፈልግ አስፍሩ። ሆፕ ማለት ከአንድ ኖድ ተነስቶ በአንድ ግንኙነት ወደ ጎረቤቱ መሻገር ነው።

«ይህ ደንበኛ ባለፉት 30 ቀናት ለእነማን ላከ?» 1 ሆፕ ነው። «እሱ በተጠቀመበት ቀፎ የገቡ ሌሎች ደንበኞች እነማን ናቸው?» 2 ሆፕ ነው፤ በሥዕል ሲታይ እንዲህ ነው፦

(ደንበኛ) —[ተጠቀመ]→ (ቀፎ) ←[ተጠቀመ]— (ደንበኛ)

«ከታገደው ሂሳብ እስከ 4 ሆፕ ድረስ ያሉት የትኞቹ ናቸው?» ሲባል ግን ርቀቱ ተለዋዋጭ ነው፤ አንዱ በ2፣ ሌላው በ4 ይገኛል። «ገንዘቡ በስንትም እጅ ይለፍ፣ ዞሮ ወደ ላኪው የተመለሰበት ቀለበት አለ?» የሚለው ደግሞ የለየለት የግራፍ ጥያቄ ነው። በአንጻሩ «በዚህ ወር ብዙ የላኩ 100 ደንበኞች» ቆጥሮ መደመር ብቻ ስለሆነ ተራ ቴብል ይሻለዋል።

ከሆፑ ጎን ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ጥያቄው በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመጣል፣ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ መድረስ አለበት፣ ከየት ይነሳል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን እሱ ነው። ከአንድ የታወቀ ኖድ የሚነሳ ጥያቄ የግራፉን ጥቂት ክፍል ብቻ ይነካል። «በመላው ኔትወርክ ተጽዕኖ ያለው ማነው?» የሚለው ግን እያንዳንዱን ኖድ ይጎበኛል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በሌሊት አንዴ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዳታቤዝ መግዛት አያስፈልገውም፤ ግንኙነቶቹን በሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ፋይል) አውጥቶ በፓይተን ላይብረሪ ማስላት ይበቃል። ኔትወርክኤክስ ለመማርና ለትንሽ ግራፍ ጥሩ ነው፤ ግንኙነቱ በአሥር ሚሊዮኖች ሲቆጠር ግን ውስጡ በሲ የተጻፈው አይግራፍ ይሻላል።

2. መጀመሪያ በፖስትግሬስ ሞክሩት

ፖስትግሬስ በቴብል የሚሠራ የታወቀ ዳታቤዝ ነው። ይህን ደረጃ የሚዘል ቡድን ብዙ ነው፤ እኛ ግን በፍጹም አትዝለሉት እንላለን። የፌስቡክ የማኅበራዊ ግራፍ ማከማቻ የሆነው ታኦ የተሠራው በማይኤስኪውኤል፣ ማለትም በተራ ባለ ቴብል ዳታቤዝ ላይ ነው። ግራፍ የሚመስል ዳታ ሁሉ የግራፍ ዳታቤዝ አይጠይቅም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ዋና ዓምድ ያለው የግንኙነት ቴብል ሥሩ፦ «ከ» እና «ወደ»፤ ዓይነትና ጊዜ ጨምሩበት። ከዚያ ሁለት ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) አኑሩ፤ አንዱ በ«ከ» የሚጀምር፣ ሌላው በ«ወደ» የሚጀምር። ሁለተኛው ከተረሳ ወደኋላ የሚሄድ ጥያቄ ሁሉ ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር ይገርፈዋል፤ ጥፋቱ ግን በፖስትግሬስ ይላከካል። ተደጋጋሚው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚጻፍ ጥያቄ)፣ «ዊዝ ሪከርሲቭ» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ስሪት 8.4 ገብቷል፤ ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስ መንገድ ሲገጥመው የሚያቆመው የ«ሳይክል» ትእዛዝ ደግሞ ከስሪት 14 ጀምሮ አለ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጥል ስውር ጉድጓድ አለ። በዚህ ኩዌሪ ውስጥ ውጤቶችን የሚያዋህደው «ዩኒየን» ተመሳሳይ ረድፎችን ስለሚያስወግድ ፍለጋው በራሱ የሚቆም ይመስላል። ነገር ግን በረድፉ ውስጥ ርቀቱን ወይም የተመጣበትን መንገድ ካስገባችሁ፣ ያው ኖድ በሌላ ርቀት ሲደርስ ሌላ ረድፍ ይሆናል፤ የሚወገድ ነገር አይኖርም። ኩዌሪው ሜሞሪውን ጨርሶ ዲስኩ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ስለዚህ የርቀት ጣሪያ ሁልጊዜ በቁጥር አስቀምጡ።

ጣሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ሒሳቡ ይናገራል። እያንዳንዱ ኖድ 40 ጎረቤት ቢኖረው፣ በ1 ሆፕ 40፣ በ2 ሆፕ 1,600፣ በ3 ሆፕ 64,000፣ በ4 ሆፕ 2,560,000 መንገድ ይሆናል። ይህን ቁጥር የትኛውም ምርት አያጠፋውም። የግራፍ ዳታቤዝ የሚቀንሰው የእያንዳንዱን መሻገር ዋጋ ነው። ኒዮፎርጄይን የመሰሉት የግራፍ ዳታቤዞች በእያንዳንዱ ኖድ ላይ የግንኙነቶቹን አድራሻ ስለሚይዙ፣ ለመሻገር በሚሊዮን ረድፎች ኢንዴክስ ውስጥ መፈለግ አያስፈልጋቸውም። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ጎልቶ የሚታየው ግን ሆፑ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

የእኛ መለኪያ ይህ ነው። ከጥያቄዎቻችሁ አብዛኞቹ ከ2 ሆፕ የማያልፉና ርቀታቸው የታወቀ ከሆነ ፖስትግሬስ ላይ ቆዩ። ሁለት ሦስቱ ብቻ ጠለቅ ካሉ፣ ዋናው ዳታ ፖስትግሬስ ላይ እንዳለ ሆኖ አፓቼ ኤጅ የተባለውን ተጨማሪ መሞከር ይቻላል፤ ሳይፈር የተባለውን የግራፍ መጠየቂያ ቋንቋ ፖስትግሬስ ውስጥ ያስገባላችኋል። ብቻ የምትጠቀሙበትን የፖስትግሬስ ስሪት እንደሚደግፍ፣ ሰርቨሩን የምትከራዩ ከሆነም አከራዩ እንደሚፈቅደው ቀድማችሁ አረጋግጡ። ተለዋዋጭ ርቀት፣ ቀለበትና አጭር መንገድ የሥርዓቱ እምብርት ከሆኑ ግን ወደ ቀጣዩ እለፉ።

3. ፕሮፐርቲ ግራፍ ወይስ አርዲኤፍ?

ይህ አይረዝምም። በፕሮፐርቲ ግራፍ ኖዱም ግንኙነቱም የራሱን መረጃ (ፕሮፐርቲ) ይሸከማል፤ «ላከ» በሚለው ግንኙነት ላይ መጠኑንና ሰዓቱን በቀጥታ ትጽፋላችሁ። በአርዲኤፍ ሁሉም ነገር ባለቤት፣ ግስና ተሳቢ ያለው ሦስትዮሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ መለያ አለው፤ የሚጠየቀውም ስፓርክል በተባለ ቋንቋ ነው። የዊኪፔዲያ እህት የሆነው የዳታ ማከማቻ፣ ዊኪዳታ፣ የሚጠየቀው በዚህ መንገድ ነው። ዳታችሁን ከሌሎች ተቋማት ጋር በጋራ መዝገበ ቃላት የምታገናኙ ከሆነ፣ ለምሳሌ በቤተ መጻሕፍት ወይም በሕክምና ስያሜዎች፣ አርዲኤፍ ይገባችኋል። የአንድ ድርጅት የውስጥ ሥርዓት ከሆነ ፕሮፐርቲ ግራፍ ያዙ፤ ምሳሌያችንም የሚሄደው በዚያው ነው።

4. ሞዴሉን ከምርቱ በፊት ሳሉ

ዋናው ውሳኔ አንድ ነው፦ ዝውውሩ ግንኙነት ይሁን ወይስ ኖድ? ግንኙነት ሁለት ጫፍ ብቻ አለው። «አበበ ለአልማዝ 500 ብር ላከ» ለማለት ይበቃል። ዝውውሩ በየትኛው ወኪል፣ በየትኛው ቀፎ እንደተፈጸመም መጠየቅ ከፈለጋችሁ ግን ሦስተኛና አራተኛ ጫፍ ያስፈልጋል፤ ያኔ ዝውውሩ ራሱ ኖድ ይሆናል። የወኪሉን መለያ እንደ ጽሑፍ በግንኙነቱ ላይ መለጠፍ አቋራጭ ይመስላል፤ በኋላ «በዚህ ወኪል ያለፉት» ተብሎ ሲጠየቅ በዚያ በኩል መሻገር አይቻልም።

ቀጥሎ መለያ ነው። ሁለት ኖዶች አንድ ሰው መሆናቸውን በምን ታውቃላችሁ? በስም አይሆንም። የእኛ ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር የሚቀጥል እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም፤ በስምና በአባት ስም አንድ የሆኑ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። በአጻጻፍም ያው ሰው ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ሆኖ ይገባል፤ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ተግባር ጻፉና ሁለቱንም አስቀምጡ፤ ደንበኛው የጻፈው ለማሳያ፣ የተስተካከለው ለፍለጋ። ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣን አትርሱ። ስልክ ቁጥርም በ09 የጀመረውና በ+251 የጀመረው ሁለት ኖድ እንዳይሆን ከመግባቱ በፊት ወደ አንድ አጻጻፍ ይምጣ። ይህ ካልተሠራ ማጭበርበሩን የሚያጋልጠው ግንኙነት ለሁለት ተሰብሮ ይቀራል፤ የትኛውም ዳታቤዝ አይጠግነውም።

መለያ አድርጋችሁ የምትይዙት የራሳችሁ የደንበኛ ቁጥር ይሁን። የኒዮፎርጄይ የውስጥ መለያ ኖድ ሲሰረዝ ለሌላ ኖድ ተመልሶ ሊሰጥ ስለሚችል ከዳታቤዙ ውጭ እንዳታስቀምጡት።

5. መጠኑን አስሉ፣ ትልቁን ኖድ ፈልጉ

የኒዮፎርጄይ የማኅበረሰብ እትም በዲስክ ላይ ለአንድ ኖድ 15 ባይት፣ ለአንድ ግንኙነት 34 ባይት፣ ለአንድ የፕሮፐርቲ መዝገብ 41 ባይት ይይዛል። በምሳሌያችን 1 ሚሊዮን ደንበኛ፣ 1 ሚሊዮን ስልክ ቁጥር፣ 1.2 ሚሊዮን ቀፎ አለ እንበል፤ 3.2 ሚሊዮን ኖድ 48 ሜጋባይት ነው። ግንኙነቱ ዝውውሮቹን ጨምሮ 32.5 ሚሊዮን ቢሆን 1.1 ጊጋባይት ነው። ለእያንዳንዱ ዝውውር አንድ የፕሮፐርቲ መዝገብ ሲታሰብ 1.23 ጊጋባይት፣ ለኖዶቹ በአማካይ ሦስት መዝገብ ሲታሰብ 0.4 ጊጋባይት ይጨመራል። ድምሩ 2.8 ጊጋባይት ገደማ ነው። ለኢንዴክስና ለረጃጅም ጽሑፍ ግማሹን ያህል ጨምሩበትና 4.2 ያዙ።

ይህ የአንድ ዓመት ነው። የሁለት ዓመቱ ወደ 8 ጊጋባይት ይጠጋል። ሙሉው በፔጅ ካሽ (የዲስኩን ዳታ ራም ላይ በሚያኖረው ክፍል) እንዲያዝ 8፣ ለጃቫ ሂፕ (ፕሮግራሙ ራሱ ለሚሠራበት ሜሞሪ) 4፣ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ 2 ሲሰጥ 16 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ሰርቨር ይበቃል። ብዙ ቡድን ይህን ሳያሰላ ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ብዙ ሰርቨሮች) ፍለጋ ይወጣል። ዝውውሩን ኖድ ካደረጋችሁት ግን ሒሳቡ ይለወጣል፦ 30 ሚሊዮን ኖድና ለእያንዳንዱ አራት ግንኙነት፣ ያለ ፕሮፐርቲው ከ1 ጊጋባይት ወደ 4.5 ጊጋባይት ያድጋል። የሞዴሉ ውሳኔ ከምርቱ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። ከፖስትግሬስ ቴብላችሁ እያንዳንዱ ኖድ ስንት ግንኙነት እንዳለው ቆጥራችሁ ከላይ ወደ ታች ደርድሩና የመጀመሪያዎቹን 20 በስማቸው ተመልከቱ። አማካዩ ያታልላል፤ አማካይ 30 ሆኖ ከላይ የተቀመጠው 900,000 ሊኖረው ይችላል። የመብራት ክፍያ የሚቀበለውን ሂሳብ አስቡ። በወር መጨረሻ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ይከፍልበታል። «ከታገደው ሂሳብ በ2 ሆፕ ውስጥ እነማን አሉ?» ስትሉ፣ የታገደው ሰው አንዴ መብራት ከፍሎ ከሆነ መብራት የከፈለ ሰው ሁሉ ይመጣል። ኩዌሪው ከመንቀራፈፉ በላይ መልሱ ራሱ ውሸት ነው፤ ንጹሕ ሰው ከወንጀለኛ ጋር ተሳስሮ ይታያል፣ ሂሳቡም ሊታገድበት ይችላል።

መድኃኒቱ በከፊል በሞዴሉ፣ በከፊል በኩዌሪው ነው። የአገልግሎት ክፍያን «ላከ» ከሚለው ለይታችሁ «ከፈለ» የሚል የግንኙነት ዓይነት ስጡት። ኒዮፎርጄይ አንድ ኖድ ከ50 ግንኙነት ሲያልፍ ግንኙነቶቹን በዓይነትና በአቅጣጫ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ «ላከ»ን ብቻ ስትጠይቁ «ከፈለ»ን አይነካም። ወኪሎችንና ነጋዴዎችን በሌላ ሌብል (የኖድ ዓይነት መጠሪያ) ለዩ፤ ፍለጋውም በእነሱ በኩል እንዳያልፍ አድርጉ። ጊዜም ገድቡ፦ የ30 ቀን ዝውውር የሚፈልግ ጥያቄ የሦስት ዓመቱን ማየት የለበትም።

6. እጩዎቹን አጣሩ

ላይሰንሱን፣ ቋንቋውንና ማን እንደሚያስተዳድረው ከፍጥነቱ በፊት እዩ።

ኒዮፎርጄይ በሰፊው የሚታወቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፓናማ ሰነዶችን 11.5 ሚሊዮን ፋይሎች የመረመሩት ጋዜጠኞች ግንኙነቶቹን የተከታተሉት በእሱ ነበር። የማኅበረሰብ እትሙ በጂፒኤል 3 ላይሰንስ ነጻ ነው፤ ነገር ግን አንድ የተጠቃሚ ዳታቤዝ ብቻ ይይዛል፣ ክላስተር የለውም፣ ተጠቃሚዎችን በሚና መለየት አይችልም፣ ባክአፕ ለማውጣትም ዳታቤዙ መቆም አለበት። የአልጎሪዝም ላይብረሪው ነጻ እትም ከ4 የፕሮሰሰር ኮር በላይ አይጠቀምም። 24 ሰዓት የሚሠራ የገንዘብ ሥርዓት ካላችሁ «ለባክአፕ ይቆማል» የሚለው ብቻውን የሚከፈልበትን እትም ዋጋ እንድትጠይቁ ያስገድዳል።

ሜምግራፍ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው፤ ሳይፈር ይናገራል፣ የኒዮፎርጄይን ድራይቨሮችም (ፕሮግራምን ከዳታቤዙ የሚያገናኙ ላይብረሪዎች) ይቀበላል። ዳታውን በዋናነት ራም ላይ ስለሚይዝ ለፈጣን ውሳኔ ተስማሚ ነው፤ ግራፉ ከራሙ ሲበልጥ ግን ሒሳቡ ይከብዳል።

ጃነስግራፍ ዳታው በአንድ ሰርቨር ለማይገባ ነው፤ በአፓቼ ላይሰንስ ነጻ ሲሆን ግሬምሊን በተባለ ቋንቋ ይጠየቃል። ብቻውን አይቆምም፤ ከሥሩ እንደ ካሳንድራ ያለ ማከማቻ፣ ለጽሑፍ ፍለጋ ደግሞ እንደ ኢላስቲክሰርች ያለ ይፈልጋል። ስለዚህ የምታስተዳድሩት ሦስት ሥርዓት ነው። ካሳንድራን የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ አትግቡበት።

አማዞን ኔፕቱን ግሬምሊንንም ስፓርክልንም ኦፕንሳይፈርንም (ክፍት የሆነውን የሳይፈር ቅጂ) ይቀበላል፤ ባክአፑንም ራሱ ይይዛል። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ግን አይጫንም። ከኢትዮጵያ ሆኖ የሚሠራ ቡድን ሦስት ነገር ያስብ፦ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የአማዞን ማዕከል በአገራችን ስለሌለ እያንዳንዱ ጥያቄ ከአገር ወጥቶ ይመለሳል፤ የሰዎችን መረጃ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ዳታው የት እንደሚቀመጥ ከመወሰናችሁ በፊት የሕግ ባለሙያችሁ አዋጁን ያንብበው።

አራንጎዲቢ ሰነድንና ግራፍን አንድ ላይ ይይዛል፤ የራሱ ቋንቋ ኤኪውኤል አለው። ከስሪት 3.12 ጀምሮ ላይሰንሱ ስለተቀየረ በድሮ ጽሑፍ ላይ «አፓቼ ነው» ብሎ መተማመን አይቻልም። የምትጭኑትን ስሪት ላይሰንስ ራሳችሁ ክፈቱና አንብቡ፤ ይህ ለሁሉም እጩ ይሠራል።

ቋንቋውን በተመለከተ የምንመክረው ግልጽ ነው፦ ሌላ ምክንያት ከሌለ ሳይፈር የሚናገረውን ያዙ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የታተመው ጂኪውኤል የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከሳይፈር ብዙ ወስዷል፤ ዛሬ የምትጽፉት ኩዌሪ ነገ ሌላ ምርት ላይ የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዕድሜም ይመዘናል። በዚህ መስክ ምርት ቶሎ ይሞታል። ታይታንን የሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሸጥ ሥራው ቆመ፤ ጃነስግራፍ ከእሱ ቅርንጫፍ የበቀለ ነው። ሬዲስግራፍ እንደሚቆም እ.ኤ.አ. በ2023 ተነገረ፤ ፋልኮርዲቢ ከፍርስራሹ ተነሣ። ብሌዝግራፍ ልማቱ ከቆመ በኋላም ዊኪዳታ ለዓመታት ተሸክሞት ኖሯል። ብዙዎች የወደዱት ኩዙም እ.ኤ.አ. በ2025 የኮድ ማከማቻው ለንባብ ብቻ ሆኖ ተዘጋ። ስለዚህ ባለፉት 6 ወራት ስንት ስሪት እንደወጣ፣ ኮዱን ከአንድ ኩባንያ ውጭ የሚጽፍ ሰው መኖሩን፣ የእናንተ ቋንቋ ድራይቨር መቼ እንደታደሰ ተመልከቱ።

7. በራሳችሁ ዳታ ፈትኑ

ሁለት እጩ ብቻ አስቀሩ፤ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ሻጩ ያወጣውን የፍጥነት ሠንጠረዥ ተዉት። ኤልዲቢሲ የተባለው ጉባኤ የሚያዘጋጃቸው ፈተናዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ግን የእናንተን የመብራት ሂሳብ አያውቁም።

ዳታውን ስማቸውና ስልካቸው ተቀይሮ፣ የግንኙነቱ ቅርጽ ግን ሳይነካ አውጡ። በዘፈቀደ 10 በመቶውን ደንበኛ መቁረጥ አይሆንም፤ ቀለበቶቹ ይበጣጠሳሉ፣ ትልልቆቹ ኖዶችም ይሟሽሻሉ። ከተቻለ ሙሉውን፣ ካልተቻለ የ3 ወር ዝውውር እንዳለ ያዙ።

በኒዮፎርጄይ ሲሞከር መጀመሪያ በመለያዎቹ ላይ የልዩነት ገደብ አኑሩ፣ ከዚያ ጫኑ። ሚሊዮኖችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማስገባት የአስተዳዳሪውን የኢምፖርት መሣሪያ በባዶ ዳታቤዝ ላይ ተጠቀሙ። በኋላ የሚጨመረውን ሎድ ሲኤስቪ በተባለው ትእዛዝ ስታስገቡ በየ1,000 ረድፉ ትራንዛክሽኑን (አንድ ላይ የሚጸናውን የመጻፍ ሥራ) ዝጉ፤ አለበለዚያ ሂፑ ሞልቶ ሥራው መሐል ላይ ይወድቃል። ገደቡ ሳይኖር «መርጅ» (ካለ አግኘው፣ ከሌለ ፍጠረው የሚለው ትእዛዝ) ካደረጋችሁ እያንዳንዱ ረድፍ ሁሉንም ኖድ ይፈትሻል፤ ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሲጽፍ ደግሞ አንድ ደንበኛ ሁለት ኖድ ይሆናል። ሌላው የመርጅ ወጥመድ ሙሉ ሥዕሉን በአንድ መርጅ መጻፍ ነው፦ ደንበኛውና ቀፎው ቀድመው ቢኖሩም ግንኙነቱ ብቻ ከጎደለ ሦስቱንም አዲስ ለመፍጠር ይነሳል። ደንበኛውን ለብቻ፣ ቀፎውን ለብቻ፣ ግንኙነቱን በመጨረሻ መርጅ አድርጉ።

ኩዌሪው ሲዘገይ ምርቱን ከመውቀሳችሁ በፊት «ፕሮፋይል» በሉትና የትኛው እርከን ብዙ የዳታቤዝ ንክኪ እንዳለው እዩ። ሌብሉ ከተረሳ ኢንዴክሱ አይሠራም፤ ኢንዴክስ የሚታሰረው በሌብል ነውና። ያልተገናኙ ሁለት ሥዕሎች በአንድ ኩዌሪ ውስጥ ከተጻፉ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይባዛሉ። ጣሪያ የሌለው የኮከብ ምልክት (በሳይፈር «ስንትም ሆፕ» ማለት ነው) በትልቅ ኖድ ላይ ሲያልፍ አይመለስም። የደንበኛውን ቁጥር በኩዌሪው ጽሑፍ ውስጥ ከመለጠፍ በፓራሜትር ስጡት፤ ያለዚያ ዳታቤዙ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ዕቅዱን ከአዲስ ያወጣል፣ በር ለጥቃትም ይከፈታል።

ስትለኩ አማካይ አትውሰዱ። ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ሲደረደሩ ከ100 ጥያቄ 95ኛውና 99ኛው በስንት ሚሊሰከንድ እንደተመለሰ መዝግቡ። በሦስት ሁኔታ ለኩ፦ ሰርቨሩ አሁን ተነስቶ ካሹ ባዶ ሳለ፣ ከሞቀ በኋላ፣ እንዲሁም ከጎኑ የእውነተኛውን ያህል ዝውውር እየተጻፈ ሳለ። በሦስተኛው ብዙ ነገር ይገለጣል። በአንድ ትልቅ ኖድ ላይ ብዙዎች ሲጽፉ መቆላለፍ ይመጣል፤ ድራይቨሩ በራሱ እንደገና እንዲሞክር የሚያደርገውን የትራንዛክሽን አጻጻፍ ተጠቀሙ። የምትነሱባቸውን ኖዶችም ከሦስት ዓይነት ምረጡ፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ከዚያም ከ20ዎቹ ዝርዝር አንዱን። እጩ የሚለየው በዚህ በመጨረሻው ነው።

8. አጥፉት፣ መልሱት

ዳታ እየተጻፈ ሳለ ሰርቨሩን በኃይል አጥፉ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ የሚመጣ ነገር ነው። ሲነሳ ስንት ደቂቃ ፈጀ? «ተመዝግቧል» ብሎ መልስ የሰጠባቸው ዝውውሮች በሙሉ አሉ? ቀጥሎ ባክአፕ አውጡ፤ በሌላ ማሽን ላይ መልሱት፤ ኖዶቹንና ግንኙነቶቹን በየዓይነታቸው ቆጥራችሁ ከዋናው ጋር አስተያዩ። ይህን ሥራ ከቡድኑ ውስጥ መጫኑ ላይ ያልነበረ ሰው በጽሑፍ መመሪያ ብቻ ይሥራው። ካቃተው ጽሑፉ ጎድሏል፤ ወይም ምርቱ ለቡድናችሁ ከብዷል።

9. መውጫውን አብራችሁ ሥሩ

ዋናው መዝገብ ፖስትግሬስ ላይ ይቆይ፣ ግራፉ ከእሱ የሚቀዳ ይሁን፤ ከባዶ እንደገና መገንባት እስከተቻለ ድረስ ምርት መቀየር የቅዳሜና እሑድ ሥራ ይሆናል። ግራፉን ከመጀመሪያው የሚገነባውን ስክሪፕት ጠብቁት፣ በወር አንዴም አስኬዱት። ኩዌሪዎቹን በኮዱ ሁሉ አትበትኑ፤ በአንድ ሞጁል ውስጥ «በቀፎ የተሳሰሩ»፣ «ከታገደ እስከ 4 ሆፕ» እያላችሁ በጥያቄው ስም ሰይሟቸው።

ውሳኔውን በአንድ ገጽ ጻፉ፦ ጥያቄዎቹ፣ የተለካው ቁጥር፣ የወደቀው እጩ ለምን እንደወደቀ፣ ላይሰንሱ በየትኛው ስሪት እንደተነበበ። ከገጹ ሥር ውሳኔው እንደገና የሚታይበትን ልክ በቁጥር አስፍሩ፤ ለምሳሌ ግራፉ ከራሙ 80 በመቶ ሲደርስ፣ ወይም 99ኛው መልስ ከ500 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ።